አሥራ አንድ የጥርስ ብሩሽ

«ስንት ናችሁ?» የሚለውን ጥያቄ እስቲ ለራሳችሁ ቀስ ብላችሁ በሉት። ምንም ክፋት የለበትም። ምግብ ቤት ስትገቡ አስተናጋጁ ይጠይቃችኋል፤ ወንበር ሊጨምርላችሁ ነው። ሠርግ የጠራችሁ ሰው ይጠይቃችኋል፤ ድግሱን ሊያሰላ ነው። ከጥያቄዎች ሁሉ የዋሁ ይኸኛው ነው ብትሉኝ አልከራከራችሁም። እኔም ካርቱም እስክገባ ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ካርቱም ውስጥ፣ በእኛ ዓይነት ግቢ፣ ከብረት በሩ ውጭ «ስንት ናችሁ?» የሚል ድምፅ ከተሰማ ግን ሰው ጉርሻውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ማኘክ ያቆማል። ሬዲዮ ይዘጋል። የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ ይሰበሰባል፣ ልብስም ይቆጠራልና። ነገሩ የወረቀት ነው። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ አለ፤ ያለው አለው፣ የሌለው የለውም፣ እንደ እኔ ያለው ደግሞ ጊዜው ያለፈበት አለው። ፖሊስ ፒክአፕ ይዞ መጥቶ የሌላቸውን የሚለቅምበት ቀን ከሻ ይባላል። በከሻ ቀን ሳሙና ልግዛ ብሎ የወጣ ሰው ከሳምንት በኋላ ከመተማ ይደውላል። ከደወለ። ስለዚህ እባብ የሚፈራ እንዳለ ሁሉ እኛ ቁጥር እንፈራ ነበር።

የምንኖረው ቡሪ የሚባል ሰፈር ነው፣ አንድ አሮጌ ሖሽ ውስጥ። ሖሽ ማለት በጭቃ ግንብ የታጠረ ግቢ ነው፤ የእኛው አራት ክፍሎች፣ አንድ የኒም ዛፍና አንድ ቧንቧ ነበረው። ከቧንቧው በላይ፣ ግንቡ ላይ በተመታ ምስማር፣ የዱቄት ወተት ጣሳ ተንጠልጥሏል። ጣሳው ውስጥ አሥራ አንድ የጥርስ ብሩሽ አለ። አሥራ አንዳችንንም ባስተዋውቃችሁ ትሰለቻላችሁ፤ ጣሳውን ያዙልኝና ሦስት ሰው ልንገራችሁ።

አንደኛዋ እትዬ ብርቄ ናቸው። ሀብታሞቹ ሰፈር፣ አል-ማንሺያ፣ በሰው ቤት ልብስ ሲተኩሱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ኢቃማቸው የታደሰ ነው። ሁለተኛው ጋሽ ሙላቱ ናቸው፤ እዚያው አል-ማንሺያ ዘበኛ ናቸው፣ እሳቸውም ወረቀት አላቸው። ዘበኝነቱ ግን በሥራ ሰዓት ብቻ አልነበረም፤ ቤትም ሲመጡ በሩን ሦስት ጊዜ ይነካካሉ። ሦስተኛው ሀብታሙ ነው፣ ባሕሪ በሚባለው ከወንዙ ማዶ ባለው ከተማ ሲሚንቶ የሚያራግፍ ወጣት። ወደ ሊቢያ እያለፈ ነበር የመጣው። «ቅዳሜ እሄዳለሁ» እያለ ሁለት ዓመት አልፏል። እኛን የሚያስቀን እሱ ነው።

አራተኛው ነገር ሰው አይደለም፤ ግድግዳ ነው። መንገዳችን ወደ ሖሻችን ያዘቀዝቃል፣ ቦይ የለውም። ኸሪፍ ሲመጣ፣ ያው የዝናቡ ወር ማለቴ ነው፣ የመንገዱ ውሃ ሁሉ መጥቶ የእትዬ ብርቄን ክፍል የኋላ ግድግዳ ተደግፎ ያድራል። ግድግዳው ጭቃ ነው። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይበላል። ባለፈው ኸሪፍ እስከ ጉልበት ድረስ ተበልቶ፣ ከላይ እስከ ታች አራት ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍቷል። እትዬ ብርቄ ስንጥቁን በጨርቅ ጠቅጥቀው አልጋቸውን ወደ በሩ አስጠጉ። «የሚመጣውን ዝናብ አይችለውም» ይሉ ነበር፣ ስለ አንድ የታመመ ዘመድ እንደሚያወሩ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ።

እኔ የምሠራው ባሕሪ፣ ማተሚያ ቤት ነው። ጠዋት የኩበርን ድልድይ በሚኒባስ እሻገራለሁ፣ ቀኑን ሙሉ የሠርግ ካርድና የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ ኮምፒዩተር ላይ አስተካክላለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን የማሐሊያው፣ የአካባቢው አስተዳደር ማለት ነው፣ አንድ ሥራ መጣ። መጠይቅ። ከተማው የልማት ዕቅድ ሊያወጣ ነው፣ ዕቅዱን ከማውጣቱ በፊት ነዋሪውን ሊጠይቅ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል? ሰፈራችሁ ምን ይጎድለዋል? ውሃ፣ መብራት፣ ቦይ፣ ሐኪም ቤት፣ የትኛው ይቅደም? ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ከመንግሥት ቤት ሲወጣ አይቼ አላውቅም። የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የተበላሸ ቅጂ ሁልጊዜ አይጠፋም፤ አንዱን ጠማማ የታተመ አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ይዤው ተሻገርኩ።

እዚህ ላይ አንድ ልማዳችንን ካልነገርኳችሁ አትረዱንም። ካርቱም ያለ አበሻ «ኬዝ» ያጠናል። የስደተኛ ጉዳይ ቃለ መጠይቅ ያለበት ሰው ታሪኩን ለብቻው አይናገርም። ቀድሞ የገባ ሰው ምን ምን እንደተጠየቀ ይነግረዋል፣ ቤት ያለው ሁሉ ተሰብስቦ ጠያቂ እየሆነ ያስጠናዋል። የወንድምህ ልደት መቼ ነው፣ ከቤታችሁ ፊት ለፊት ምን ዛፍ አለ፣ ሌሊት ነው ቀን የወጣኸው። እውነተኛ ታሪክ ያለውም ያጠናል። እንዲያውም እሱ ይብሳል፤ እውነት ሲደነግጡ ይረሳል። ታዲያ እኔ ያን ወረቀት አውጥቼ የዛፉ ሥር ስዘረጋው ለአንዳችንም እንኳ «ይኼ ሌላ ነገር ነው» የሚል ሐሳብ አልመጣም። ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ደግሞ ይጠናል።

ዓርብ ነበር፣ ሥራ የለም። ጋሽ ሙላቱ ወረቀቱን አገላበጡ።

«ስም የት ነው የሚጻፈው?»

«ስም አይጠይቅም፣ ጋሽ ሙላቱ። ያለ ስም ነው።»

ወረቀቱን ቀስ ብለው መልሰው መሬት አስቀመጡት። «ስም የማይጠይቅ ስምህን ያውቃል ማለት ነው» አሉ።

ይህን ሲሉ ማንም አልሳቀም። ሀብታሙ እንኳ።

ስለዚህ ተጠና። ሀብታሙ የእትዬ ብርቄን መነጽር አድርጎ ጠያቂ ሆነ። እኔ አረብኛዬ ስለሚሻልና ሸሚዜ ላይ እስክሪብቶ ስለምሰካ መላሽ ሆኜ ተመረጥኩ፤ እትዬ ብርቄ አክስቴ ሆኑ።

«ስንት ናችሁ?» አለ ሀብታሙ፣ በአፍንጫው።

«ሁለት። እኔና አክስቴ።»

«ምን ይጎድላችኋል?»

«ምንም አይጎድለንም፣ አልሐምዱሊላህ።»

«አልሐምዱሊላህን አስቀድም» አሉ ጋሽ ሙላቱ። «ኋላ ስትላት ሐሳብህን የቀየርክ ትመስላለህ።»

«ግድግዳዬስ?» አሉ እትዬ ብርቄ።

የኒሙ ፍሬ አንድ ሁለት ጊዜ ሲወድቅ ሰማሁ።

«ስለ ቦይ ይጠይቃል እኮ። እዚህ ተጽፏል ብሏል ይኼው ልጅ። ቦይ ያስፈልገናል ብንል ምን አለበት?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ብርቄ» አሉ ጋሽ ሙላቱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቦይ አልሽ እንበል። መሐንዲስ ይመጣል። መሐንዲስ መጣ፣ ግድግዳሽን አሳዪኝ ይላል። ከግድግዳው ጋር ደግሞ እነዚህን ሁሉ ያያል። ግድግዳ ነገ ይሠራል። ሰው መተማ ከወረደ ነገ የለውም።»

እትዬ ብርቄ ወረቀት የሌላቸውን ስምንቱን ወጣቶች አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ መነጽራቸውን ከሀብታሙ ፊት ላይ አነሱ። «እሺ» አሉ።

ነገሩ በእኛ ግቢ ቢቀር ደግ ነበር። ግን ለወገን የማያካፍሉት መልስ ምን ያደርጋል? መልሱን በአማርኛ ጻፍኩት፣ ማተሚያ ቤት አባዛሁት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። በሳምንቱ ቡሪ ውስጥ ያለ አበሻ ሁሉ ሁለት ሆኖ፣ አልሐምዱሊላህን አስቀድሞ፣ ምንም ሳይጎድለው ተዘጋጀ። እኔ በዚያ ሳምንት በራሴ ትንሽ ኮርቼ ነበር። ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ጠያቂዋ በአንድ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ፣ ከሥራ ከተመለስን በኋላ መጣች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነች፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሰሌዳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች፣ ጫማዋ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ይህችን ነበር የፈራነው። ግን ስታንኳኳ የተንኳኳው እንደ ፖሊስ ነው፤ ብረት በር ጣት አይለይም። ስምንቱ በባዶ እግራቸው ሮጠው ከሁሉ ወደኋላ ያለችው ክፍል ገቡ። የእትዬ ብርቄ ክፍል። ጋሽ ሙላቱ ሥራ ላይ ናቸው።

«ስንት ናችሁ?» አለች።

«ሁለት። እኔና አክስቴ።»

ጻፈች። ውሃ እንድትጠጣ ወደ ቧንቧው ስትጠጋ ጣሳውን አየችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ትቆጥር ነበር።

«ጥርሳችንን እንወዳለን» አልኳት።

ሳቀች። ያን ሳቅ ስንት ቀን ተሸክሜው ዞርኩ፤ የሰው ሳቅ ነው የፖሊስ ሳቅ ነው እያልኩ።

«ምን ይጎድላችኋል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም።»

«ቦይስ? መንገዱ ወደ እናንተ ያዘቀዝቃል። በኸሪፍ ውሃው የት ይሄዳል?»

በጥናቱ ላይ ይኼ አልነበረም። ወደ እትዬ ብርቄ ዞርኩ። ክፍላቸው በር ላይ ቆመዋል፣ እጃቸው ከኋላቸው እጀታውን ይዟል። ከጀርባቸው ግድግዳው አለ። ግድግዳውን ለማሳየት በሩን መክፈት ነው፤ በሩ ከተከፈተ ስምንት ሰው ትንፋሹን ውጦ ወለል ላይ ተቀምጧል። ልጅቷም ያን በር አየችው። የእትዬ ብርቄ አፍ ሊከፈት ነው አልኩ።

እኔ ቀደምኳቸው። «ውሃው ያልፋል። ወደ ሌላ ይሄዳል።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ማንም አላስጠናኝም። ከራሴ ነው ያወጣኋት።

ልጅቷ ጻፈችና አመስግና ሄደች። ስምንቱ ሲወጡ ሀብታሙ ጀርባው ሙሉ የጭቃ ዱቄት ሆኖ ነበር፤ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ኖሯል። «እትዬ» አለ፣ ልብሱን እያራገፈ፣ «ግድግዳዎ ይተነፍሳል።» እሳቸው ቁጭ ብለው ጫማቸውን ያዩ ነበር።

ሁለት ወር አለፈ። ከዚያ ዕቅዱ ራሱ ለኅትመት መጣ።

ሰው የራሱን ውሸት ታትሞ ሲያነብ ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ? እኔ ከማንበብም አልፌ ዳር ዳሩን አስተካክያለሁ። ካርታ ነበረው፤ አዲስ ቦይ የሚቆፈርባቸው መንገዶች በሰማያዊ መስመር ተሰምረዋል። አጠገባችን ያለው መንገድ ሰማያዊ ነው። ከጀርባችን ያለውም ሰማያዊ ነው። የእኛ መንገድ ነጭ። ከካርታው ሥር ስለ እኛ አካባቢ የተጻፈው አጭር ነው፤ የሰው ቁጥሩ አነስተኛ ነው፣ ነዋሪዎቹ ያነሱት ችግር የለም። ቡሪ ውስጥ እንደ እኛ የተመቸው አልነበረም። ሦስቱን መንገዶች በዓይኔ ደጋግሜ ተከተልኳቸው። የሁለቱ ቦይ ካልታሰበበት በስተቀር ውሃውን የሚያወርደው ወደ እኛ ነው።

የኮምፒዩተሩ ማውስ እጄ ላይ ነው። አንድ መስመር መሳብ የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነው። ሳብኩት። ሰማያዊ መስመር በመንገዳችን ላይ ወረደ፣ ቆንጆ ነበር። አለቃዬ ከኋላዬ ሳል ሲል ሰረዝኩት። ሳሉ የእውነት ሳል ነበር፣ ወደ እኔም አላየም። ግን ሰረዝኩት፣ ደግሜም አልሳብኩም።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን አንድ ነገር ነበር። ዕቅዱ ላይ አስተያየት ያለው ነዋሪ ማሐሊያው ቢሮ ቀርቦ ማስመዝገብ ይችላል፣ እስከዚህ ቀን። ማንም የማያነበው ገጽ ነው። አታሚው ብቻ ያነበዋል።

ለእትዬ ብርቄ ነገርኳቸው፤ ለሌላ ለማንም አልነገርኩም። ሲተኩሱ ነበር። ካውያውን አቆሙ።

«ነገ እንሄዳለን።»

«እትዬ፣ የእኔ ኢቃማ እኮ አልፏል።»

«የእኔ አላለፈም። አንተ ዝም ብለህ ቁም፤ እኔ እናገራለሁ።»

ማሐሊያው በር ላይ አንድ ፖሊስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ኢቃማዬን ቀኑ ላይ አውራ ጣቴን አድርጌ አሳየሁት፤ ይህን ጥበብ ሁላችንም እናውቃለን። አላነበበውም። ወደ ሻዩ ተመለሰ።

ውስጥ አንድ መነጽር ያደረገ ሠራተኛ፣ ፊቱ ላይ የሰለቸው ሰው ደግነት ያለበት፣ ፋይሉን አወጣ። መንገዳችንን በጣቱ አገኘ።

«ስንት ናችሁ ቤቱ ውስጥ?»

«ሁለት» አልኩ። ብዬ ጨረስኩ። ማንም እኔን አልጠየቀኝም ነበር፤ አፌ በራሱ ነው የሄደው።

«አሥራ አንድ» አሉ እትዬ ብርቄ።

ሰውዬው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። ከበሩ ውጭ የፖሊሱ ብርጭቆ ሳህን ላይ ሲያርፍ ሰማሁ፤ ወይም የሰማሁ መሰለኝ።

«ግድግዳዬ ሊወድቅ ነው፣ ልጄ» አሉ እሳቸው፣ በሃያ ዓመት አረብኛቸው። «ቦይ ያስፈልገናል። አሥራ አንድ ነን።»

«አውቃለሁ፣ ያ ኻልቲ» አለ፣ አክስቴ ማለቱ ነው። «ውሃ ሲጠፋ በርሜል የሚያመጣላችሁ የጋሪ አህያ እንኳ ስንት እንደሆናችሁ ያውቃል።»

«ካወቃችሁ ለምን ሁለት ብላችሁ ጻፋችሁ?» አሉት እትዬ ብርቄ።

«ልጅቷ የብሩሾቹን ነገር በጠርዙ ላይ ጽፋዋለች፤ ይኸው። ግን እኛ ያየነውን ብንቆጥር የእኛ ወረቀት ይሆናል። ይኼኛው የእናንተ ነው። እናንተ ያላችሁትን ነው የምንቆጥረው።» ሁለትን ሰርዞ አሥራ አንድ ጻፈ። «ያላ፣ ኸሪፍ ሳይገባ ይቆፈራል፣ ኢንሻላህ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ረክሻው፣ ያው ባጃጁ፣ ውስጥ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አሥራ አንድ የሚል ወረቀት አሁን አንድ መሳቢያ ውስጥ አለ።

እትዬ ብርቄ ለሁሉም ራሳቸው ነገሯቸው፣ ዓርብ ምሳ ላይ። ማንም አልተቆጣም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ጋሽ ሙላቱ እጃቸውን ታጠቡና «ጥሩ አድርገሻል» አሉ፤ በማግስቱ አል-ማንሺያ፣ ዘበኛ ክፍላቸው ውስጥ መኖር ጀመሩ፣ ለሥራው ይቀርበኛል ብለው። ሌሎቹም እንዲሁ፣ በቀን ብርሃን፣ እየተሰናበቱ፣ አንዱ ኦምዱርማን ዘመድ አገኘሁ፣ አንዱ ባሕሪ ጓደኛ ጋ፣ እያሉ። እያንዳንዱ ምክንያት ነበረው። ምክንያቱን ሁሉ ሰማን፣ ሁሉንም ያመንን መሰልን።

የመጨረሻው ሀብታሙ ነበር። ቅዳሜ ነው የሄደው፤ እንዳለው። ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ በሩ ላይ ቆመ።

«ደግሞ መጥተው ምን ይጎድላችኋል ቢሉ» አለ፣ «እኔን በሉ።»

እትዬ ብርቄ ሳይስቁ ግንባሩን ሳሙት።

ከሻ መጣ ወይ ትሉኛላችሁ። በዚያ ዓመት በእኛ መንገድ አልመጣም። ሳይመጣ ሥራውን ሠርቶ ጨርሷል።

ቆፋሪዎቹ ኸሪፉ ሳይገባ መጡ፣ እንደተባለው። አካፋ የያዙ አምስት ሰዎችና አንድ ወረቀት የያዘ አለቃ። በሩን አንኳኳ፤ ልማድ ሆኖብኝ ዘለልኩ፣ ግን የሚደበቅ ሰው አልነበረም።

«ስንት ናችሁ?» አለ።

«ሁለት» አልኩት። «እኔና አክስቴ።»

ወረቀቱን አየ። እኔን አየ። ግቢውን፣ የተዘጉትን ክፍሎች፣ ቧንቧውን አየ። ጣሳው ውስጥ ሰባት የጥርስ ብሩሽ ቀርቶ ነበር፤ ሰው ተረጋግቶ የሚሄድ መስሎ ቢሄድም ብሩሹን ይረሳል፤ እትዬ ብርቄም አንዱን አንስተው አልጣሉም። ሰውዬው ፈገግ አለና ድምፁን እንደ ወንድም ዝቅ አደረገ።

«አትፍሩ» አለ። «እኛ ፖሊስ አይደለንም። እውነቱን ንገሩኝ፣ ስንት ናችሁ?»

እትዬ ብርቄ ከክፍላቸው በር ላይ መለሱለት፤ በሩን በሰፊው ከፍተው፣ ውስጥ ግድግዳው ብቻ እየታየ።

«አሥራ አንድ።»

ሰውዬው ረካና ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ።

ያ ኸሪፍ ከባድ ነበር። ውሃው መጣ፣ በበራችን በኩል በቦዩ ውስጥ አልፎ ሄደ። ግድግዳው እስካሁን ቆሟል። እትዬ ብርቄ ዝናብ ሲጥል ወንበር አውጥተው ውሃው ሲያልፍ ያያሉ፤ እኔም አንዳንዴ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ለአሥራ አንድ ሰው የተቆፈረ ቦይ ነው። ለሁለታችን ሰፊ ነው።